ጥያቄ ማብዛት ብቻውን ችግር ፈቺ አያደርግም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ጋዜጣችሁ ላይ የሚነሳውን ክርክር እከታተላለሁ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ ነበሩ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ። መሻሻሉ ደስ ይላል። ክርክሩ ግን ከዓመት ዓመት እዚያው ነው። አንዱ ተማሪው ሰነፈ ይላል፣ ሌላው መምህሩን ይወቅሳል፣ ሌላው ደግሞ ልጆቹን ያጠፋቸው ቲክቶክ ነው ይላል። ለመሆኑ ትምህርቱ እንዴት ተሰናድቶ ነው ልጁ ፊት የሚቀርበው? ይህን የሚጠይቅ ብዙ ሰው አላጋጠመኝም። መጽሐፍ የለም፣ ክፍሉ ተጨናንቋል፣ ቁርስ ሳይቀምስ የሚመጣ ልጅ አለ፤ ሁሉም እውነት ነው። እኔ የማነሳው ጉዳይ ግን ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሆኖ ሳለ ዝም መባሉ ነው የሚቆጨኝ።

ሪቻርድ ሜየር የሚባሉ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር አሉ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1975 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳንታ ባርባራ፣ ሲያስተምሩና ሲመራመሩ የኖሩ ሰው ናቸው። (ከዚህ በታች የጥናቶቹን ዓመት የምጠቅሰው ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።) የሥራቸው ማዕከል አንድ ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል። ሰው የተማረውን ነገር አይቶት በማያውቀው ችግር ላይ እንዲያውለው ከተፈለገ ትምህርቱ እንዴት ይዘጋጅ? የእኛም የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በ1986 ዓ.ም. ሲወጣ ችግር የመፍታት አቅምን ማሳደግ ከዓላማዎቹ አንዱ ነበር። «ችግር ፈቺ ዜጋ» የሚለውን እስካሁን በየስብሰባው እንሰማዋለን። እንዴት ነው የሚፈጠረው ሲባል ግን መልሱ ይጠፋል፣ ወይም «ብዙ ጥያቄ አሠሯቸው» ይሆናል።

ከሜየር ሙከራዎች በጣም የምወደው የብስክሌት ጎማ መንፊያውን ነው። በ1991 ከባልደረባቸው አንደርሰን ጋር ባሳተሙት ጥናት የኮሌጅ ተማሪዎችን በቡድን ከፈሉ። ለአንዱ ቡድን ፓምፑ እንዴት እንደሚሠራ በቃል ብቻ ተነገረው። እጀታው ወደ ላይ ሲሳብ ማስገቢያው ቫልቭ ይከፈታል፣ ማስወጫው ይዘጋል፣ አየር ይገባል፤ እጀታው ወደ ታች ሲገፋ ማስገቢያው ይዘጋል፣ ማስወጫው ይከፈታል፣ አየሩ በቱቦው ይወጣል። ሌላው ቡድን ያንኑ ገለጻ እየሰማ፣ በዚያው ቅጽበት፣ እንቅስቃሴውን በሥዕል አየ። ከዚያ ሁለት ዓይነት ፈተና መጣ። አንደኛው የሰማችሁትን ጻፉ የሚል ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ ቡድኖች እኩል ወጡ። ሁለተኛው ግን እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ነበረበት፦ እጀታውን ደጋግማችሁ ስባችሁና ገፍታችሁ አየር ባይወጣ ምን ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል? መልሱ በገለጻው ውስጥ ተጽፎ አልተሰጣቸውም። አስቦ ማውጣት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ቃሉንና ሥዕሉን አብሮ ያገኘው ቡድን በለጠ።

እስቲ ይህን ቆም ብላችሁ አስቡት። የመጀመሪያው ፈተና ብቻ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ አቀራረቦች ልዩነት የላቸውም ተብሎ ይታለፍ ነበር። እኛ በየክፍሉ የምንሰጠው ፈተና ደግሞ አብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ግፊት ምንድን ነው ብለን እንጠይቃለን። ልጁ የቸከለውን ይጽፋል። ራይት እናደርግለታለን። ወላጅም ካርዱን አይቶ ደስ ይለዋል። ብሔራዊ ፈተናው ላይ ያው ሐሳብ ልብሱን ቀይሮ ሲመጣ ልጁ ይደነግጣል፣ ወላጅም ይደነግጣል፣ እኛም አብረን እንደነግጣለን።

የፓምፑን ጥያቄ እኔም ክፍል ውስጥ አንስቼው ነበር። የግፊትን ትርጉም ከነፎርሙላው የሚያንበለብሉት ልጆች ዝም አሉ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ጎሚስታ ቤት የሚሠራ፣ «ቲቸር፣ ውስጥ ያለችው ቆዳ ደርቃ ነዋ! አየሩ በጎኗ ያመልጣል። ዘይት ጠብ ሲደረግባት ትስተካከላለች» አለ። ቀጠለና ቱቦው ተቀዶ ሊሆን እንደሚችል፣ ቫልቩ ላይ አሸዋ ገብቶ አልዘጋ ሊል እንደሚችል በጣቱ እየቆጠረ ነገረን። ይህ ልጅ በክፍል ውጤቱ መካከለኛ ነው። ፓምፑ ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ይንቀሳቀስለታል፤ ስለዚህ የት ጋ ሊበላሽ እንደሚችል ይታየዋል። ሜየር የሚሉትም ይሄንኑ ነው፤ ችግር የሚፈታው የነገሩን አሠራር በአእምሮው የሠራ ሰው ነው። ሁሉንም ልጅ ጎሚስታ ቤት መላክ አንችልም። ሥዕሉንና ገለጻውን አጠገብ ላጠገብ ማቅረብ ግን እንችላለን።

አሁን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ለቱቶሪያል ተብሎ የተባዛ አንድ ሃንድአውት ፊቴ ተቀምጧል። ጥያቄው ገጽ 4 ላይ ነው፣ «ሥዕል 7ን ተመልከት» ይላል። ሥዕል 7 ያለው ገጽ 6 ላይ ነው። ሥዕሉ ላይ ደግሞ ፊደላት ብቻ ተደርድረዋል፤ የፊደላቱ ፍቺ ሌላ ቦታ፣ ከገጹ ግርጌ ነው። አንዲት ተማሪዬ ስትሠራበት አጠገቧ ቆሜ አየኋት። ጥያቄውን ታነባለች፣ ትገልጣለች፣ ፊደሉን ትፈልጋለች፣ ወደ ግርጌ ትወርዳለች፣ ስትመለስ የተጠየቀችው ነገር ጠፍቶባታል። እንደገና ከመጀመሪያው። ፎቶኮፒው ደግሞ ደብዝዟል። ልጅቷ አቅሟን የጨረሰችው በመገላበጥ ነው፣ ፊዚክሱ ጋ ገና አልደረሰችም። የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ ይዞ የሚያሰላስለው አዲስ ነገር በጣም ጥቂት እንደሆነ ከተነገረ ቆይቷል። ጆርጅ ሚለር በ1956 ሰባት አካባቢ ነው አሉ፣ ኔልሰን ኮዋን ደግሞ በ2001 ወደ አራት አወረዱት። ከዚያች ጥቂት ቦታ ላይ ገጽ ፍለጋው ሲቀነስ ለትምህርቱ ምን ይቀራል? መፍትሔው እኮ ሥዕሉን ከጥያቄው ሥር ማድረግና ስሞቹን ሥዕሉ ላይ መጻፍ ነው። ይኸው ነው። ባጀት አይጠይቅም።

ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ጥሩ መምህር ማለት ብዙ ወርክሺት የሚሰጥ መምህር ነው የሚል እምነት ከተማችን ውስጥ ሥር ሰድዷል። ወላጆች ቱቶሪያል የሚመርጡት በዚህ ነው፤ «እነ እገሌ ጋ በሳምንት 100 ጥያቄ ያሠሯቸዋል» ይባላል። አውስትራሊያ ውስጥ በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ሲመራመሩ የኖሩት ጆን ስዌለር ይህን እምነት የሚፈትን ነገር አግኝተዋል። በ1985 ከግርሃም ኩፐር ጋር ባሳተሙት የአልጀብራ ጥናት አንዱ ቡድን ጥያቄዎቹን ሁሉ ራሱ ሠራ። ሌላው ቡድን ግን ደረጃ በደረጃ ተሠርቶ ያለቀ ምሳሌ ያጠናና ከዚያ ተመሳሳዩን አንድ ጥያቄ ይሠራል፣ እንደገና ምሳሌ፣ እንደገና ጥያቄ። ኋላ ተመሳሳይ ጥያቄዎች በፈተና ሲመጡ ምሳሌ ያጠኑት ባነሰ ጊዜና ባነሰ ስህተት ሠሩ።

ለምን? ስዌለር በ1988 ያቀረቡት ማብራሪያ እኔ ክፍል ውስጥ በየቀኑ የማየው ነው። ጀማሪ ልጅ ጥያቄ ሲሰጠው ከሚፈለገው መልስ ተነስቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። የተሰጠው ፍጥነትና ጊዜ ነው፣ የሚፈለገው ርቀት ነው፣ እነዚህን ሦስቱን የያዘ ፎርሙላ የታለ? ከዚያ ፎርሙላ ፍለጋ ይጀምራል። አንዱን ይሞክራል፣ አንድ ነገር ይጎድለዋል፣ ሌላ ይፈልጋል። መልሱን ሊያገኘውም ይችላል። ግን መንገዱን ሲፈልግ አእምሮው ስለተያዘ፣ ይህ ዓይነት ጥያቄ በምን እንደሚታወቅና ለምን በዚህ መንገድ እንደሚፈታ ልብ የሚልበት ትርፍ ቦታ አይኖረውም። 100 ጥያቄ ሠርቶ 101ኛው ላይ እንደ አዲስ የሚጀምር ልጅ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያደረ ልጅ ነው።

ምሳሌ ስል ደግሞ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቶሎ ቶሎ ጽፎ የሚያጠፋውን ማለቴ አይደለም። የሐሳቡ መንገድ የሚታይበትን ማለቴ ነው። «መጀመሪያ ይህን ያደረግኩት በዚህ ምክንያት ነው፣ ያንን ፎርሙላ የተውኩት ደግሞ እዚህ ላይ ፍጥነቱ ስለሚለዋወጥ ነው» እየተባለ። ቀጥሎ የመጨረሻው ደረጃ ክፍት የሆነ ምሳሌ ይሰጣል፣ ከዚያ ሁለቱ ደረጃዎች ክፍት የሆኑ፣ መጨረሻ ላይ ባዶ ጥያቄ። ለሰቃይ ተማሪዎች ይህ አይበጅም፤ ስላቫ ካልዩጋና ባልደረቦቻቸው በ2003 እንዳሳዩት፣ ለጀማሪ የጠቀመው ድጋፍ ለበሰለው ተማሪ ሸክም ይሆናል። እነሱን ቶሎ ወደ ጥያቄው መልቀቅ ነው። መምህር መሆን ማለት ይህን መለየት ይመስለኛል።

የሒሳብ መምህራን ደግሞ ሌላ ጥናት አለላችሁ። ሜየር ከሜሪ ሄጋርቲና ከክሪስቶፈር መንክ ጋር በ1995 ተማሪዎች የቃላት ጥያቄ ሲያነቡ ዓይናቸው የት የት እንደሚያርፍ በመሣሪያ ተከታተሉ። የማይሳካላቸው ወደ ቁጥሮቹና ወደ «ይበልጣል»፣ «ያንሳል» ዓይነት ቃላት ይመላለሳሉ። የሚሳካላቸው ግን ስለ ምን ነገር እየተወራ እንደሆነ ወደሚናገሩት ቃላት ይመለሳሉ። እስቲ ይችን ልጆቻችሁ ላይ ሞክሯት፦ እዚህ ጅማ ሒርማታ ገበያ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና 600 ብር ነው እንበል፤ ይህም አጋሮ ከሚሸጥበት በ40 ብር ያንሳል፤ አጋሮ ላይ 5 ኪሎ ለመግዛት ስንት ብር ያስፈልጋል? ብዙ ልጅ «ያንሳል» የሚለውን ሲያይ ወዲያው ይቀንሳል፣ 560 ብሎ በ5 ያበዛና 2800 ይላል። ርካሹ የጅማው መሆኑን ለአፍታ ቆም ብሎ ቢያስብ አጋሮ 640 እንደሆነ፣ መልሱም 3200 እንደሆነ ያገኘዋል። ማባዛትና መቀነስ የማይችል ልጅ አይደለም የተሳሳተው። የገበያውን ሁኔታ ሳያስብ ቁጥሩን ይዞ ስለሮጠ ነው። «ይቀራል ካለ ቀንስ፣ በአጠቃላይ ካለ ደምር» እያልን በአቋራጭ የምናስጠናቸውም እኛው ነን። እባካችሁ ይህን እንተው። ከስሌቱ በፊት ልጁ ጥያቄውን በራሱ አፍ ይናገረው፣ ወይም በትንሽ ሥዕል ያስቀምጠው።

የፕላዝማው ነገርም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ በየሁለተኛ ደረጃው የገባው የሳተላይት ትምህርት ሥዕል ነበረው፣ እንቅስቃሴ ነበረው፣ ግን አይቆምም ነበር። ጥያቄ ይጠይቅና ልጁ እስክሪብቶ ሳያነሳ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። ሜየር ከፖል ቻንድለር ጋር በ2001 ባሳተሙት ሙከራ ስለ መብረቅ የተሠራች 140 ሰከንድ የምትፈጅ አኒሜሽን ወስደው 16 ቦታ ቆራረጧት። ተማሪው የሚቀጥለውን ክፍል የሚያየው ራሱ ሲጫን ነው። ይዘቱ አልተለወጠም፣ ፍጥነቱን መቆጣጠር ብቻ ነው ለልጁ የተሰጠው፤ ይህም ችግር የመፍታት ውጤቱን አሻሻለው። 140 ሰከንድ እንኳ ካልተቆራረጠ ይከብዳል ማለት ነው። የእኛ ልጆች ሙሉ ክፍለ ጊዜ፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ሲወርድባቸው ነበር። ዛሬ በታብሌትና በስማርት ቲቪ እናስተምር የሚሉ አሉ። ጥሩ ነው፣ ግን ማቆሚያውን ማን ይይዛል ብለው መጀመሪያ ይጠይቁ።

እንግሊዝኛ ካልኩ አይቀር፣ እኛ ጋ ያለውን ልዩ ጣጣ መናገር አለብኝ። ጅማ ላይ ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ሲማር ቆይቶ 9ኛ ክፍል ላይ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆንበታል። አዲስ ሐሳብ፣ አዲስ ስም፣ አዲስ ቋንቋ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። ሜየርና ባልደረቦቻቸው በ2002 በመኪና ፍሬን ላይ በሠሩት ጥናት፣ የፍሬኑ ክፍሎች ስማቸውና የእያንዳንዳቸው ሥራ አስቀድሞ የተነገራቸው ተማሪዎች ዋናውን ገለጻ ሲሰሙ ችግር በመፍታቱ በልጠዋል። ይህ ለእኛ በልክ የተሰፋ ነው። አዲስ ምዕራፍ ከመጀመሬ በፊት ያሉትን ስሞች በልጆቹ ቋንቋ፣ ከተቻለ ዕቃውን እጃቸው ላይ አድርጌ፣ ማስተዋወቅ ጀምሬያለሁ። አፋን ኦሮሞዬ ጎበዝ ስላልሆነ ተማሪዎቹ ራሳቸው ያግዙኛል። ከዚያ በኋላ የሚያነሱት ጥያቄ ተቀይሯል። «ምን ማለት ነው» ቀንሶ «ለምን» በዝቷል።

«አሳታፊ ትምህርት እኮ ነው የሚባለው፣ አንተ ወደ ገለጻ ልትመልሰን ነው ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ሜየር በ2004 አሜሪካን ሳይኮሎጂስት በተባለው መጽሔት ላይ የሦስት አሥርት ዓመታት ጥናቶችን አገላብጠው አይተዋል፣ የ1960ዎቹን፣ የ1970ዎቹንና የ1980ዎቹን። ልጁ ያለ ምንም ምሪት ብቻውን ይድረስበት የሚለው አካሄድ በሦስቱም ጊዜ በምሪት ከተደገፈው አንሶ ነው የተገኘው። እጅ መንቀሳቀሱና አእምሮ መሥራቱ ይለያያል ነው የሚሉት። አንድ ለአምስት አደራጅቶ «ተወያዩ» ብሎ መውጣት ማሳተፍ አይደለም፤ አንዱ ቀለሜ ሠርቶ አራቱ ይገለብጣሉ። ቁጭ ብሎ አንድ የተሠራ ምሳሌ እየመረመረ «ይህች ደረጃ ከየት መጣች?» የሚል ልጅ ግን ድምፅ ባያሰማም እየተሳተፈ ነው።

አንድ ትክክለኛ ተቃውሞ አለ። የጠቀስኳቸው ሙከራዎች አብዛኞቹ አጭር ጊዜ የወሰዱ ናቸው፣ የሜየርም በአመዛኙ በአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ናቸው። የጅማ 9ኛ ክፍል ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ እዚሁ ይሞከር። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ የታወቀ ነው፤ ተማሪዎቹ በየዓመቱ ወደ ቀበሌና ወደ መንደር ወጥተው ችግር ያጠናሉ፣ ከነዋሪው ጋር ይሠራሉ። የትምህርትና የሥነ ባህርይ ሳይንስ ክፍሉም አለው። ሁለት ተመሳሳይ ክፍሎች ወስዶ፣ ለአንዱ የተለመደውን ወርክሺት፣ ለሌላው ያንኑ ይዘት በምሳሌና ባግባቡ በተቀመጠ ሥዕል አዘጋጅቶ፣ መጨረሻ ላይ ያልታየ ጥያቄ መፈተን ያን ያህል ከባድ ነው? የእኔን ክፍሎች ለዚህ ለመስጠት ፈቃደኛ ነኝ፣ ርዕሰ መምህራችንም እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

እናንተም አንድ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። የፈተና ሰሞን ጋዜጦች ለተፈታኞች የመለማመጃ ጥያቄ ሲያወጡ ከግርጌ «1. ሐ፣ 2. ሀ» ብለው ይጨርሳሉ። ልጁ ሐ መሆኑን ያውቃል፣ ለምን ሐ እንደሆነ ግን አያውቅም። በዚያው ቦታ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ሥዕሉ ከጎኑ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ደረጃ ከነምክንያቱ ተሠርቶ ይውጣ፤ ከሥሩ ደግሞ አንባቢው የሚሠራው አንድ ተመሳሳይ ጥያቄ። በሳምንት አንድ ይበቃል። ፈቃዳችሁ ከሆነ የፊዚክሱን እኔ ያለ ክፍያ አዘጋጅቼ እልካለሁ፤ የመጀመሪያው ስለ ጎማ መንፊያው ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊዚክስ መምህር፣ ጅማ